ለክትፎ ከተፍ፣ ለክትባት ክትት

«ለውሻ ሐኪም? ለውሻ ብር? እንዴ፣ ለውሻ?»

አዎ አያ ቆጥቤ፣ ለውሻ። ሦስቴ ብትጠይቅም መልሱ ያው ነው፤ ቫት አይጨመርበትም።

ጎበዝ፣ ዱካ ዱካችሁን ሳቡ! ሁለተኛ ስኒ አስቀዱ፤ አያ ቆጥቤ ዛሬ ቁጠባ ሊያስተምረን ነው። ታውቁታላችሁ። ሒሳብ ሲመጣ ስልክ የሚደወልለት እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ንፍሮው ላይ እንጂ መዋጮው ላይ ታይቶ አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ውሻውን ደጋግሞ ሲያስመልሰው ጎረቤት «ኧረ ሐኪም ጋ ውሰደው» ቢለው፣ ከውሻው ይልቅ የሱ ፊት ገረጣ። ውሻውን ሆዱን ነው ያመመው፤ እሱን ኪሱን።

በል እንግዲህ፣ ምክንያትህን አንድ በአንድ አምጣ። እኛም አንድ በአንድ እንመልስልሃለን። እጅ በእጅ ነው፤ ዱቤ የለም።

«ውሻው እኮ በነፃ ነው የመጣው!»

አንተስ በስንት ነው የመጣኸው? እናትህ ደረሰኝ ይዘውልሃል? በነፃ የመጣ ሁሉ አይታከም ከተባለ ያቺ ያሳከምካት መንጋጋህ እስከ ዛሬ እንዳበጠች ነበር። ደግሞ በነፃ የመጣው ውሻው ነው እንጂ ሥራው አይደለም። ዘበኛ ብትቀጥር ደመወዝ አለ፣ ካፖርት አለ፣ በየወሩ «ልጄ ታመመብኝ» የሚል ብድር አለ። ይኼኛው ደመወዙ የትናንት ፍርፋሪ ነው። ካፖርቱን ለብሶ ነው የተወለደው። ልጆቹ ቢታመሙ እንኳ አምስት ሳንቲም አይጠይቅህም። የዓመት ፈቃድ ወስዶ አያውቅም፤ እንዲያውም ዓመት በዓል ሲሆን ነው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ የሚያድረው። አንድ ቀን የሕመም ፈቃድ ቢጠይቅህ የስንብት ደብዳቤ ይዘህ መጣህ። የሠራተኛ ማኅበር የለውም ብለህ እኮ ነው!

«ሌላ ቡችላ አመጣለሁ፤ ከሕክምናው እሱ ይቀላል።»

ይቀላል አለ! ሰማችሁት? ስልክህ ወድቆ መስታወቱ ሲሰነጠቅ ሌላ ስልክ አላመጣህም። ለአሮጌ ስልክ አዲስ መስታወት አስገባህለት፤ ያውም ተበድረህ። «ውስጡ ብዙ ነገር አለኝ» አልክ። ውሻው ውስጥስ የለህም? ኮቴህን ከሰፈሩ ሁሉ ኮቴ ለይቶ ያውቃል። በስንት ሰዓት እንደገባህ፣ ምን ጠጥተህ እንደገባህ፣ ማን አቅፎ እንደሸኘህ በአፍንጫው መዝግቦታል፤ ለባለቤትህ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ይኼን ምስጢረኛ ነው የምትቀይረው? አዲሱ አፉ ልቅ ቢሆንስ?

ደግሞ በሽታውም ይስቅብሃል። ውሻህን የጣለው ፓርቮ የሚባለው የሚያስመልስ የውሻ በሽታ ከሆነ ቫይረሱ ግቢህ ውስጥ ለወራት፣ ሲመቸው ከዓመት በላይ ይቆያል። ያልተከተበ አዲስ ቡችላ ስታመጣ በር ላይ ወጥቶ የሚቀበለው እሱ ነው። ሁለተኛው ይሞታል። ሦስተኛ ታመጣለህ። ወንድሜ፣ አንተ ቡችላ አሳዳጊ አይደለህም፤ ቡችላ አሳላፊ ነህ።

«የአያቴ ውሻ መርፌ ሳያይ አሥራ አምስት ዓመት ኖሯል!»

አያትህ ስንት ውሻ ነበራቸው? የአንዱን ታሪክ ነገርከን። ከሱ ጋር የተወለዱት እህት ወንድሞቹስ? የኖረው ተተረከለት፣ የሞቱት ተቀበሩ፤ የሞተ ደግሞ ቡና ላይ መጥቶ ምስክር አይሆንም። ያም ሆኖ ፓርቮ በዓለም ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። የአያትህ ውሻ በሽታው ሳይመጣ የሞተ ውሻ ነው። ያላገኘውን በሽታ አሸነፈ ብለህ ልትሸልመው ነው? እንዲያ ከሆነ እኔም ከአድዋ ጥይት ተርፌያለሁ። ሜዳሊያዬን አምጡልኝ!

«ክትባት ውድ ነው።»

ከምን ሲነጻጸር? ከክትፎ? ቅዳሜ ለት «ልዩ ይሁን! ለብለብ! አይቡን አብዛው!» እያለ አስተናጋጁን ሲያራውጥ የነበረው ማን ነበር? ክትፎ ሲሉህ ከተፍ ትላለህ፤ ክትባት ሲሉህ ክትት ትላለህ። ቡችላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ክትባት ይጀምራል፤ በየሦስት አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ አሥራ ስድስት ሳምንቱ ይዘልቃል። ከዚያ በየጊዜው ማጠናከሪያ ብቻ ነው። በዚያው ጊዜ ውስጥ አንተ ስንት ጊዜ ክትፎ ቤት ተደጋገምክ? ላንተ ማጠናከሪያው ብቻ ሳይሆን ማወራረጃውም አለ።

«ጤነኛ ውሻ ላይ ለምን ብር አፈሳለሁ? ሲታመም አይቼ እወስናለሁ።»

ይኼ ነው የጠፋህበት ቦታ! ሲታመምማ አንተ አትወስንም፤ በሽታው ነው የሚወስነው። ፓርቮን የሚገድል መድኃኒት የለም። ሐኪሙ የሚያደርገው ቀናት ሙሉ ግሉኮስ እየሰቀለ የወጣውን ፈሳሽ መተካት፣ ማስታወኩን ማስታገስ፣ ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይደረብበት መከላከል ነው። ቀን በቀን ይቆጠራል። አንተ ትቆጥራለህ፣ ሐኪሙ ይቆጥራል፣ ውሻው ብቻ ነው የማይቆጥረው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ ነበር አባቶች። አንተ ቤት ተገልብጧል፦ ውሻው በጊዜው ጮኾ ነበር፤ ጅቡ ከሄደ በኋላ የምትጮኸው አንተ ነህ።

«የእብድ ውሻ በሽታ? ኧረ የኔ ውሻ ጨዋ ነው!»

ጨዋነቱን ማን ጠየቀህ? ልንድረው ነው እንዴ? ቫይረሱ የጨዋ ልጅ፣ የባለጌ ልጅ ብሎ አይመርጥም። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ አብዛኛው እስያና አፍሪካ ውስጥ ነው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 ከመቶው የሚመጣው በውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሥር ቢምሱ፣ ቅጠል ቢጨምቁ ወይ ፍንክች። ልጆችህ ከዚህ ጨዋ ውሻ ጋር ነው ቀኑን ሙሉ የሚላፉት። ሉዊ ፓስተር የዘጠኝ ዓመቱን ዮሴፍ ማይስተርን በክትባት ያተረፈው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ወሬው እስካሁን አልደረሰህም? ሰፈር በስሙ ጠርተንለታል እኮ! የታክሲ ረዳቱ ጠዋት ማታ «ፓስተር! ፓስተር!» እያለ ሲያስታውስህ አንተ የሚታይህ ወንበሩ ነው።

ታላላቆችህን ጠይቅ፤ ድሮ ፓስተር ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን መርፌ ሲያወሩልህ እስከ ዛሬ እምብርታቸውን ይይዛሉ። አሁንም ቢሆን የተነከሰ ሰው መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ያጥባል፤ ከዚያ በየቀጠሮው እየተመላለሰ ይወጋል። እንግዲህ ቁጠባህን ደምርልን። ለውሻው አንድ መርፌ ነፈግህ፣ ለራስህ ብዙ መርፌ ገዛህ። ለነገሩ ውሻ ሲለክፈን የምንሄድበት አለን። አንተ ስትለክፈን የት እንሂድ?

ስስትህ ደግሞ ሰፈር ውስጥ አይቀርም። አገር ይዞራል። ባሌ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም። አዋቂዎቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ በተደጋጋሚ የፈጃቸው ምን መሰለህ? ካልተከተቡ ውሾች የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ኋላም ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ። ባለሙያዎች የገበሬውን ውሻ ለመከተብ ተራራ ሲወጡ ይውላሉ። አንተ ከአስፋልት ዳር ሆነህ «መንገዱ ሩቅ ነው» ትላለህ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል ነበር፤ ይኸው አንተ በቀደድከው ቀበሮ ወጣ።

እሺ፣ መርፌውን ተወው። ትልስ? ውሻህ ትል አለው ስንልህ ምን ትላለህ?

«ምንም አይለውም» ትላለህ! አንተ ጥሬ ሥጋ በበላህ በሳምንቱ «ኮሶ ነው መሰለኝ» እያልክ ሆድህን ይዘህ ፋርማሲ ትሮጣለህ። እሱ የፋሲካ ለት የበጉን ጉበትና ሳንባ በጥሬው ስትወረውርለት ብረት ሆድ አለው ብለህ ነው? ከዚያ ጥሬ ሆድ ዕቃ የሚያገኛት አንዲት ትንሽ የኮሶ ዘመድ አለች። እንቁላሏ በውሻው በኩል ወጥቶ በእጅህ አድርጎ አፍህ ይገባል፤ ጉበትህ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ከረጢቱን የሚያወጣው ደግሞ ቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል፤ ያውም የሰው ሐኪም፣ ያውም በሰው ዋጋ። የቁንጫ መድኃኒቱንም ነፍገኸዋል አሉ። ግድ የለም፤ ቁንጫው አድራሻህን ያውቃል። ያን ጊዜ ቁጠባህ ወደ ቁንጥንጥ ያድጋል።

«ሐኪም ምን ያደርጋል? ራሴ አክመዋለሁ።»

ኧረ ዶክተር! ይቅርታ አድርግልን፤ ማዕረግህን አላወቅንም ነበር። ባለፈው ድመትህ ስታስነጥስ «አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ብሰጣትስ?» ስትል የነበርከው አንተ ነህ። ስማ፣ የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን መፍጨት አይችልም። አንዲት ተራ ፍሬ ልትገድላት ትበቃለች። ድመት ዘጠኝ ነፍስ አላት ይባላል፤ አንተ በአንድ ፍሬ ዘጠኙንም ጠቅልለህ ልትሸኛት ነበር። ለውሻው ደግሞ «ለወገብ ሕመሜ የተረፈ አይቡፕሮፌን አለ» ብለህ ነበር። ጨጓራውን ልታቆስል፣ ኩላሊቱን ልታደክም። ወገብህን ላንተ፣ ኩላሊቱን ለሱ ተውለት። ያቺ ድመት ባትኖር ቤትህ አይጥ በአይጥ ይሆን ነበር፤ ቀልድህ ግን አይጥምም።

አሁን ደግሞ ምን ይላል መሰላችሁ? «የፈረንጅ ውሻ ቢሆንማ አሳክመው ነበር!»

አጥንት ቆጠራውን ውሻ ላይም ጀመርከው? ለጀርመን ሼፐርድ ሲሆን ሐኪም ቤት፣ ለሀበሻው ሲሆን «ራሱ ይልሰዋል»? የዘር አጥንት ስትቆጥር የሚበላውን አጥንት ነፈግኸው። ደግሞ ሌባ በአጥር ሲገባ ፓስፖርት አይጠይቅም። ነካሹም የነከሰበትን ቋንቋ አይናገርም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ሰፈርተኛው አጥርህን ያልነቀነቀው አንተን ፈርቶ እንዳይመስልህ። በሩ ላይ የተኛውን ሀበሻ አይቶ ነው።

ይኼን ሁሉ ሰምቶ ዝም አለ? አላለም። የመጨረሻውን አወጣው። ትልቁን። ጉሮሮውን ጠረገ፣ እጁን ወደ ሰማይ አነሳ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፦

«ሰው እየተራበ ለውሻ?»

እሰይ! አጨብጭቡለት! ይኼ ጥያቄ ታሪክ አለው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የወሎን ረሃብ ያሳየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ በመሃሉ የቤተ መንግሥት ድግስና ሲቀለቡ የሚታዩ ውሾች ተቀጥለውበት ነበር። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ይኼ አገር ውሻ ሲበላ ባየ ቁጥር አብዮት ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። ግን ልብ በል፤ ተጠያቂው ሳህኑን የያዘው ነበር፤ በልቶ ጭራውን የቆላው አልነበረም። አንተ ደግሞ ዙፋን የለህ፣ ድግስ የለህ። ያለህ አንድ ውሻና አንድ ሰበብ ነው።

ደግሞ አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ለውሻው ያልወጣው ብር ለተራበው ወጥቶ ያውቃል? መቼ? በየት በኩል? እኛ እንደምናውቀው ያ ብር ከኪስህ ወጥቶ ወደ ድሃው ሲገሰግስ፣ መንገድ ላይ ድራፍት አግኝቶት እዚያው አደረ። ድሃ ትዝ የሚልህ ውሻ ሲታመም ብቻ ነው። እንግዲያማ የሰፈሩ ችግረኛ ሁሉ ውሻህ ቶሎ ቶሎ እንዲታመም ይጸልይ! በስማቸው ስንት በጀት ያዝክላቸው፤ አንዱንም ግን አላለቀቅክም።

ታሪክ ካነሳህ ደግሞ ጨርሰህ አንሳው። ክፉ ቀንን ሰምተሃል? 1880ዎቹ፣ በኛው አቆጣጠር። ከውጭ በምፅዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ አገሩን አጠበው። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬው ሞተ፤ እርሻው ቆመ፤ ከዚያ ነው ሰው የረገፈው። በሽታው ስሙ ደስታ ነበር። ደስታችንን የጨረሰው ደስታ! «ሰው እየተራበ እንስሳ ይታከማል?» ስትል፣ ሰው የተራበው እንስሳው ስላልታከመ መሆኑን አያቶችህ ያውቁት ነበር። ያን በሽታ ከምድረ ገጽ ያጠፉት እነማን ናቸው? እነዚያው «የከብት ሐኪም» እያልክ የምትስቅባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 መጥፋቱ ታወጀ፤ የሰው ልጅ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ዓሣ ልትበላ ስትሄድ የምታልፈው ከተማ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም የሚሠለጥንበት ትምህርት ቤት አለ፣ ክትባት የሚመረትበት ተቋም አለ፣ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከልም አለ። አንተ ከቢሾፍቱ ያመጣኸው የዓሣ አጥንት ብቻ ነው። እሱንም ለውሻው ሰጥተኸው ጉሮሮው ላይ ተሰካ።

አንቺ ደግሞ ከጥግ ሆነሽ አትሳቂ! አዎ አንቺ፣ ከቨርጂኒያ ለዕረፍት የመጣሽው። ተራሽ ነው።

ያንቺ ውሻ ሹራብ አለው። ጋሪ አለው። ፎቶ አንሺ አለው። ለልደቱ ኬክ አስጋግረሽለት ነበር፤ የቸኮሌት ኬክ! ቸኮሌት ለውሻ መርዝ መሆኑን ሻማውን ከማጥፋቱ በፊት የነገረሽ የለም? «መልካም ልደት» ብለሽ ልታሰናብቺው ነበር። የትል መድኃኒቱን ግን ረስተሽዋል፤ በፎቶ አይታይማ። አሜሪካ ለቤት እንስሳ መድን መሸጥ ከተጀመረ ቆየ፤ የመጀመሪያው የተገዛው እ.ኤ.አ. በ1982 በፊልም ለምትታወቀው ውሻ ለላሲ ነው። አንቺ ግን መድኑን የፈለግሽው ውሻው ከወደቀ በኋላ ነው። ከውሉ በፊት የነበረ በሽታ ደግሞ አይከፈልበትም። እህቴ፣ መድን የሚገዛው ከመታመም በፊት ነው፤ ከታመመ በኋላ መድንም የለ፣ መዳንም ያጠራጥራል።

ይብስ ብለሽ ያን የአሥራ አራት ዓመት ሽማግሌ፣ ካንሰሩ ሳንባው የደረሰውን፣ ሐኪሙ «ተዪው፣ ይረፍ» እያለሽ ለሦስተኛ ቀዶ ሕክምና በክሬዲት ካርድ አስተኛሽው። ለማን? ለሱ? እሱ የሚፈልገው ፀሐይና ጭንሽን ነበር። የተቆረጠው እሱ፣ የተጽናናሽው አንቺ። አያ ቆጥቤ ለአምስት ደቂቃ ርኅራኄ ብር አጣ፤ አንቺ ለስድስት ወር ሥቃይ ተበደርሽ። ተያዩና ተሳሳቁ፤ ዘመዳሞች ናችሁ። አንዳችሁም ውሻውን አልጠየቃችሁትም።

«እሺ ታዲያ፣ ስንት ነው የሚወጣው?»

እልል በሉ! ጥያቄው አሁን ገና መጣ። እስካሁን ስታወራ የነበረው ላለማውጣት ነበር፤ አሁን ስለ ማውጣት ጠየቅህ። ስማኝ፣ በነፃ ነው የምነግርህ፤ በነፃ የመጣ ነገር ባትወድም።

የማይቀረው መጀመሪያ ይውጣ፦ ክትባት፣ የትልና የቁንጫ መድኃኒት። ሴት ከሆነች ማምከን። «ማምከን ውድ ነው» እንዳትለኝ። አለበለዚያ በዓመት ሁለቴ ካርቶን ተሸክመህ «ቡችላ የሚፈልግ!» እያልክ ቤት ለቤት ትዞራለህ፤ ሰፈሩ አንተን ሲያይ በር መዝጋት ይጀምራል። ይኼን መክፈል የማይችል ሰው ውሻ ባይወስድ ነውር የለበትም። ወስዶ አለመክፈል ግን ቤት ተከራይቶ ኪራይ አለመክፈል ነው፤ ለነገሩ እሱንም ታውቅበታለህ።

ለድንገተኛው ደግሞ ልክ አብጅለት። ውሻው ጤነኛ ሆኖ፣ ጭራውን እየቆላ፣ ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብለህ «ከዚህ በላይ አንችልም» በሉ፤ በየወሩም ጥቂት ጥቂት ቋጥሩ። ውሻው እያቃሰተ፣ ልጆቹ እያለቀሱ፣ ሐኪሙ ጓንት እያጠለቀ ልክ አይቆረጥም፤ ያን ጊዜ ወይ ትሰስታለህ ወይ ታብዳለህ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርብም ጠይቅ፤ መጠየቅ አያስከፍልም፣ ያንተን ዓይነት ሰው እንዲያውም ሊያስደስተው ይገባል። የመዳን ተስፋው ምን ያህል ነው? ቢድን እየሮጠ ነው የሚኖረው ወይስ እየተጎተተ? የዚህ ምርመራ ውጤት ሕክምናውን ይቀይረዋል? የማይቀይረው ከሆነ ምርመራው ለማን ነው? ዛሬ የግድ የሚደረገው የትኛው ነው፣ ሊቆይ የሚችለውስ? «ያለኝ ይኼ ነው፤ በዚህ ምን ይደረግለት?» ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ ያለህን ሸሽገህ ፊት ማጥቆር ነው። እግሩ የተሰበረ የሁለት ዓመት ወጣትና መላ ሰውነቱ የከዳው ሽማግሌ አንድ ሒሳብ የላቸውም። ለወጣቱ ብር ይወጣለታል፤ ለሽማግሌው አንዳንዴ ትልቁ ሕክምና ሥቃይ ሳይሰማው በመርፌ ማሳረፍ ነው።

ማሳረፍ አልኩህ እንጂ መጣል አላልኩህም! ያቺን ድመት በኬሻ ቋጥረህ ወንዝ ማዶ ጥለሃት ስትመለስ፣ ደጃፍህ ላይ ቁጭ ብላ «የት አመሸህ?» በሚል ዓይን ያየችህን ሰፈሩ አልረሳውም። ለታክሲ የከፈልከው የሐኪሟን ካርድ ያወጣ ነበር። እሷ በእግሯ መጣች፤ ከሁለታችሁ የቆጠበችው እሷ ናት።

ምን፣ ልትሄድ ነው? ቆይ፣ አንዲት ቀርታኛለች። ነገሩን ገልብጠን እንየው። አንተ ታመምክ እንበል፤ ወጪህን የሚወስነው ደግሞ ውሻህ ነው። «ስንት ዓመት ይኖራል?» አይልም። «ሌላ ባለቤት አመጣለሁ፣ ከሱ ይቀላል» አይልም፤ ሰፈሩ ውስጥ ካንተ የሚሻል ሞልቶ ሳለ! «የፈረንጅ ቢሆን ኖሮ» አይልም። ግቢውን ሁሉ ቆፍሮ በዕድሜው የቀበራትን አጥንት አንድም ሳያስቀር አውጥቶ አልጋህ ሥር ይከምርልሃል። አንተ ግን ይኸው ከጠዋት ጀምሮ አካፋ ስትፈልግ ዋልክ፤ ለመቅበሪያው። ያውም በውሰት።